ሳይበስል የታገደ፦ የጋደምታ ብስክሌትና የመሪው ታሪክ

ጀርባን ደገፍ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው የሚነዱት ብስክሌት፣ በዚህ ጽሑፍ የጋደምታ ብስክሌት የምለው፣ ታሪኩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ፍጥነቱ ነው። ፍራንሲስ ፎር የተባለ፣ ከአንደኞቹ ተርታ የማይሰለፍ ፈረንሳዊ ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ላይ በዚህ ዓይነት ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ነዳ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስዊዘርላንዳዊው ኦስካር ኤግ በ1914 ያስመዘገበው 44.247 ኪሎ ሜትር ለ19 ዓመታት ያህል ሳይነካ ቆይቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት አዲስ ደንብ አወጣና ይህን ብስክሌት ከውድድር አስወጣው። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ቆመው በፎርና በብስክሌቱ ሠሪ በሻርል ሞሼ ላይ የደረሰውን በደል ያነሳሉ። በደሉ እውነት ነው። እኔ ግን ከክብረ ወሰኑ የበለጠ የተወሰደ ነገር አለ ባይ ነኝ፤ እሱም መሪው በብዙ እጅ እየተሞከረና እየታረመ የሚበስልበት ጊዜ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የጋደምታ ብስክሌት ሲያይ «ይህማ ይገለብጣል» የሚለው፣ ገና በልጅነቱ እንዳያድግ የተከለከለን ነገር በልጅነቱ ድክመት እየፈረደበት ነው።

ይህን ለማየት የተለመደው ብስክሌት የራሱን ጠባይ እንዴት እንዳገኘ ማስታወስ ያስፈልጋል። ካርል ፎን ድራይስ በ1817 ማንሃይም ውስጥ የነዳው ባለ ሁለት ጎማ የእንጨት መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄዳል፣ ሲያዘነብል ያው እግሩ ይደርስለታል። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፔዳል በፊት ጎማ ላይ ሲገጠም እግር ከመሬት ተነሳ፣ ሚዛን መጠበቅም የመሪው ሥራ ሆነ። ሆኖም ፔዳል የሚረግጠው እግር የፊት ጎማውንም ስለሚያንቀሳቅሰው እጅና እግር እርስ በርስ ይታገሉ ነበር። ቀጥሎ የመጣው፣ የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ ብስክሌት ነጂውን ከጎማው አናት ላይ ስላስቀመጠው አንዲት ጠጠር በጭንቅላቱ ልትተክለው ትችላለች። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ሲያወጣ እንኳ ነገሩ ገና አልለየለትም፤ የመጀመሪያው ሮቨር መሪው ከሹካው ጋር የተያያዘው በጎንና በጎን በሚሄዱ ዘንጎች ነበር። በዚያው ዓመት ስታርሊ ዘንጎቹን ትቶ ሹካውን ወደ ኋላ ጋደም አደረገና መሪውን በቀጥታ ከላዩ ተከለው።

ይህ ለውጥ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ሹካው ሲጋደም የመሪው ምሰሶ መስመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬት የሚነካው ጎማው ከሚያርፍበት ነጥብ ትንሽ ወደ ፊት ላይ ነው፤ ጎማው ያንን ነጥብ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ከኋላ ይከተላል። ስለዚህ ብስክሌቱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የፊት ጎማው ወደዚያው ጎን መዞር ይቀናዋል፣ በዚህም ጎማዎቹ በሚወድቀው አካል ሥር ተመልሰው ይገባሉ። ብስክሌት ሚዛን ይጠብቃል የሚባለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሳይቋረጥ ይወድቃል፣ ሳይቋረጥ ከሥሩ ይደረስለታል። ስታርሊም ሆነ ተከታዮቹ ይህን በስሌት አላገኙትም። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መሪውን በቅድሚያ ለአፍታ ወደ ግራ ማዞር እንደሚያስፈልግ በ1869 ጽፎ ነበር፤ የብስክሌትን እንቅስቃሴ በሙሉ እኩልታ ያስቀመጠው ፍራንሲስ ዊፕል፣ ያኔ የካምብሪጅ ተማሪ፣ የደረሰው ግን በ1899 ነው። በዚያን ጊዜ ብስክሌቱ ተሠርቶ፣ ተሽጦ፣ የዓለምን ከተሞች አጥለቅልቆ ነበር። መሪውን ያበሰሉት ሠሪዎች፣ ጠጋኞች፣ ገዢዎችና ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ የአንዱ ቅሬታ የሌላውን ሹካ ሁለት ጣት ወደ ፊት አስወጥቶ፣ የአንዱ አወዳደቅ የሌላውን ቴላዮ አስረዝሞ።

የጋደምታ ብስክሌት ከሠሪው የሚጠይቀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። አንደኛው ምክንያት ዝቅ ማለቱ ነው። ረጅም ዱላ በመዳፍ ላይ ማቆም አጭር ዱላ ከማቆም እንደሚቀል የሞከረ ሁሉ ያውቃል፤ አጭሩ ቶሎ ይወድቃል። የተለመደው ብስክሌትና ነጂው የክብደት ማዕከላቸው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል፤ የጋደምታው 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። እርማት ባይደረግ የመጀመሪያው ዝንባሌ በእጥፍ ለማደግ ከሰከንድ 22 መቶኛ ያህል ይፈጅበታል፣ ሁለተኛው 17 መቶኛ ብቻ። ነጂው ለማረም ያለው ጊዜ በአንድ አምስተኛ ግድም ያጥራል ማለት ነው። በሌላ በኩል የሚያስፈልገው እርማት ራሱ ትንሽ ነው፤ አምስት ዲግሪ ያዘነበለውን ከፍተኛውን ብስክሌት ለማቃናት ጎማዎቹ ወደ ጎን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሄዱ፣ ለዝቅተኛው 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ብስክሌት ፈጣንና ጥቃቅን እርማት የሚቀበል መሪ ይፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት የነጂው ጀርባ ከመቀመጫው ጋር መጣበቁ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ወገቡን ሰበቅ፣ ትከሻውን ዘንበል እያደረገ ብዙ ጥፋት ሳይታወቀው ያርማል፤ የተጋደመው ያለው መሪው ብቻ ነው። ሦስተኛው በመነሻ ላይ ጎልቶ ይታያል። ብስክሌት ቀስ ሲል መሪ አቅም ያጣል፣ የማቃናት ኃይሉ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነውና የሚያድገው። በዚያች ቅጽበት አንዱ እግር በኃይል ወደ ፊት ይገፋል፣ ትከሻው መልሶ መቀመጫውን ይጫናል፣ ያልለመደ ሰው ደግሞ ለድጋፍ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፤ የገፋው እግር ቀኙ ከሆነ ቀኝ እጁ ሳያስበው መሪውን ይስባል፣ ብስክሌቱም ሁለት ሜትር ሳይሄድ ወደ ጎን ይወጣል። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን የማይቀበል ተከራካሪ የጋደምታ ብስክሌትን አይጠቅመውም።

ሞሼ ወደ ሁለት ጎማ የደረሰበት መንገድም ከዚሁ ከአያያዝ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። መጀመሪያ የሠራው ቬሎካር ባለ አራት ጎማ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ በፔዳል የሚነዳው፣ መኪና መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ የታሰበ። ያ መሣሪያ ፈጣን ሆነ፤ ፈጣን ስለሆነም ኩርባ ላይ በጎኑ መነሳት ጀመረ፤ አራት ጎማ ያለው ነገር እንደ ብስክሌት ወደ ኩርባው አያዘነብልምና። ሞሼ ባለ ሦስት ጎማ ሞክሮ አልረካም። በመጨረሻ ቬሎካሩን ለሁለት የከፈለው ያህል አንድ መቀመጫና ሁለት ትናንሽ ጎማ ያለው ብስክሌት አወጣ፤ ፔዳሎቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው ከፊት፣ ነጂው ጀርባውን ተደግፎ ከኋላ። ሰዎች ይገለብጣል ብለው የሚፈሩት ቅርጽ የተወለደው ከመገልበጥ ለማምለጥ በተደረገ ጥረት መሆኑ ሊታወስ ይገባል። መሪውን ከሹካው ጋር ያገናኘው በረጅም ዘንግና በጥርስ ማርሽ ነበር። ይህም ስታርሊ በመጀመሪያው ሮቨር ላይ ከቆመበት ቦታ ብዙም አይርቅም፤ መሪው ከጎማው ርቆ በመካከለኛ መሣሪያ የሚታዘዝበት ደረጃ ነው። ማርሽ ትንሽ ከላላ እጅ ይዞራል፣ ጎማ ግን ወዲያው አይዞርም፤ ቶሎ መታረም ለሚፈልግ ብስክሌት ደግሞ ያች ክፍተት ትልቅ ናት። ስታርሊ ከዘንግ ወደ ቀጥታ መሪ ለመሻገር ወራት በቁት፣ ከእሱ በኋላም ሌሎች ሠሪዎች እየተከተሉ አሻሻሉት። ሞሼ ከክብረ ወሰኑ በኋላ ያገኘው ጊዜ አንድ ዓመት አልሞላም።

በፌብሩዋሪ 1934 የኅብረቱ ጉባኤ ተሰብስቦ ተከራከረ፤ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ የጸናው ትርጉም ብስክሌት ምን እንደሆነ በሴንቲ ሜትር ደነገገ። የፔዳሉ እምብርት ከመሬት ከ24 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፤ የኮርቻው ጫፍ ከእምብርቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድ፤ ከእምብርቱ እስከ ፊት ጎማው አክስል ከ58 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ላጤናቸው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ስለ መሪ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ፍሬን የሚናገር አንድም የለም፤ ሁሉም የሚያስሩት የሰውየውን አቀማመጥ ነው። ብስክሌቱ አደገኛ ነው ተብሎ አልታገደም። ሞሼ በዚያው ዓመት ሞተ። ፎር በ1939 ሙሉ ሽፋን በለበሰ ቬሎካር በአንድ ሰዓት 50.537 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ 50ን ያለ ሞተርና ከፊቱ ነፋስ የሚከልልለት ተሽከርካሪ ሳይኖር ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ቢሆንም፣ መዝገቡ ከኦስካር ኤግ ተራ አልገባም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ኅብረቱ ያገደው ውድድርን እንጂ ገበያን አይደለም፤ ማንም ሰው የጋደምታ ብስክሌት ሠርቶ መሸጥ ይችል ነበር፣ በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ራቫ፣ እንግሊዝ ውስጥም ሌሎች ሠርተዋል። ገበያው ካልወደደው ጥፋቱ የደንቡ ነው ወይ? በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ፣ ሙሉውን ልሸሽ አልፈልግም። ዋጋው ውድ ነበር፣ ሰንሰለቱ ረጅም ነበር፣ ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስቶ በክብደት መርገጥ አይቻልበትም፣ ከዚያም ጦርነት መጣ። ሆኖም የብስክሌት ሥራ የውድድር ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ተራ ሰው የሚገዛው ብስክሌት ቅርጹን የሚወስደው ተወዳዳሪ ከሚነዳው ነው፤ በሙያው የሚኖር ተወዳዳሪ በሳምንት መቶዎች ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ቁልቁለት ላይ መሪው ሲርገበገብበት ለሠሪው ይነግራል፣ ሠሪው በሚቀጥለው ቴላዮ ላይ ማዕዘኑን ይለውጣል። ያ ዑደት ለአንዱ ዓይነት ቀጠለ፣ ለሌላው ተቋረጠ። ምሳሌ የሚሆነኝ ፖል ሪንኮቭስኪ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ጀርመን ላይፕሲግ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የጋደምታ ብስክሌት እየሠራ አሻሻለ፤ ለትናንሽ ጎማዎቹ የሚስማማ ስላላገኘ ጎማ ራሱ ሠራ። ችሎታው የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን ብቻውን ነበር፤ የሚፎካከረው ሠሪ፣ የሚያማርርበት ተወዳዳሪ፣ ሥራውን ወስዶ የሚያስፋፋ ፋብሪካ አልነበረውም። አንድ ሰው ዕድሜውን ቢያፈስም የአንድን ሙያ ሙሉ ልምድ ሊተካ አይችልም።

ለክርክሬ ትልቁን ማስረጃ የሚሰጠው ዑደቱ እንደገና ሲጀመር የሆነው ነው። በ1967 የኤም አይ ቲ መምህሩ ዴቪድ ጎርደን ዊልሰን በሰው ጉልበት ለሚሄድ መጓጓዣ የንድፍ ውድድር አወጀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበረው ፍሬድ ዊልኪ በዊልሰን ንድፍ ተመርቶ የጋደምታ ብስክሌት ሠራ፤ ዊልሰንም ሥራውን ወስዶ እያሻሻለ ነዳው። በ1975 ደግሞ በቼስተር ካይልና በጓደኞቹ አነሳሽነት ኧርዊንዴል ካሊፎርኒያ ላይ የቅርጽ ገደብ የሌለበት የፍጥነት ውድድር ተካሄደ፣ በማግስቱም ዓመት ለዚሁ የቆመ ማኅበር ተመሠረተ። ውጤቱ ቶሎ ታየ። ከዊልኪ ጋር የተጀመረው ዓይነት የፊት ጎማው ከነጂው እግር ሥር የገባ አጭር ብስክሌት ነበር፤ ክብደቱ ወደ ፊት አጋደለ። አቫታር የተባለው፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የተሠራው ብስክሌት በመጀመሪያው ዓይነቱ ይህንኑ ወረሰ፤ በሁለተኛው፣ አቫታር 2000 በተባለው፣ ሠሪዎቹ የፊት ጎማውን ከፔዳሉ ፊት አውጥተው በጎማዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አደረሱት። መሪው ከመቀመጫው ሥር ገባ፤ እጅ በዳሌ ግራና ቀኝ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይይዘዋል፣ አንድ ዘንግም ወደ ፊት ሹካው ይሄዳል። ርዝመቱ ሌላ ዕዳ አመጣ፤ ያንኑ ኩርባ ለመዞር መሪው ከተለመደው ብስክሌት ከግማሽ በላይ ተጨማሪ መዞር አለበት፣ የፊት ጎማውም ክብደት ስለሚቀንስበት እርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ጋርድነር ማርቲን ካሊፎርኒያ ላይ ረጅሙን ቅርጽ ይዞ ዘንጉን ትቶ መሪውን ረጅም አድርጎ ወደ ነጂው ደረት ሳበው። ፍሬድ ማርካም በ1986 የማርቲንን ጎልድ ራሽ ነድቶ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር አለፈ፤ 65 ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ላለፈ ሰው የተዘጋጀውን የዱፖን ሽልማትም ወሰደ። ከ1975 እስከ 1986 አሥራ አንድ ዓመት ነው። አንድ ቅርጽ በተፈጥሮው የማይገራ ቢሆን ኖሮ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ፣ በአብዛኛው በጋራዥ ሠሪዎች እጅ፣ ይህን ያህል ባልተገራ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ሳይንሱ በሚገባ ቢታወቅ ኖሮ ልምዱ አያስፈልግም ነበር፣ መሐንዲስ ወረቀት ላይ አስልቶ ይጨርሰዋል የሚል ነው። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደኅንነቱ የላቀ ሞተር ብስክሌት እንዲሠራ አስጠንቶ ነበር። ሐሳቡ ለጆሮ ጥሩ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ መሪው በኋላ ጎማ፣ ሞተሩና ፍሬኑ በፊት ጎማ። ተሠርቶ ሲሞከር ማንም ሊነዳው አልቻለም፤ ግራና ቀኝ መደገፊያ ባይኖረው አይቆምም ነበር፣ በሁለት ጎማ የቆመበት ረጅሙ ጊዜም ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው። ምክንያቱ ሲታይ ቀላል ነው። ወደ ቀኝ ስትወድቅ ወደ ቀኝ መታጠፍ አለብህ፤ በኋላ ጎማ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ግን ጎማው መጀመሪያ ወደ ግራ ይወጣል፣ ድጋፉ በምትፈልገው ሰዓት ከሥርህ ይሸሻል። በዚሁ ዘመን፣ በ1970፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ዴቪድ ጆንስ የማይነዳ ብስክሌት ለመሥራት ተነስቶ ነበር። የጎማውን መሽከርከር የሚያከሽፍ ሌላ ጎማ ጎን ለጎን ገጠመበት፤ ብስክሌቱ ያም ሆኖ ተነዳ። ጆንስ ምስጢሩን ከላይ ባነሳሁት የጎማ ተከታይነት ላይ አገኘሁ አለ። በ2011 ደግሞ የኔዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያ ተከታይነትም፣ የጎማ መሽከርከር ውጤትም የሌለው ትንሽ ብስክሌት ሠርተው ያለ ሰው እየሄደ ራሱን ሲያቃና አሳዩ። የመሪው ክፍል ክብደት ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ስለተቀመጠ ከኋላው ክፍል ይልቅ ቶሎ መውደቅ ይፈልጋል፣ በመውደቁም መሪውን ወደሚወድቅበት ጎን ያዞረዋል። ከዊፕል ወዲህ መቶ አሥር ዓመት አልፎ ነው ይህ የተረጋገጠው። ሚዛን የሚገኘው ከአንድ ነገር ሳይሆን ከማዕዘን፣ ከክብደት አቀማመጥ፣ ከርዝመትና ከጎማ ስምምነት ከሆነ፣ ስምምነቱ ለተለመደው ብስክሌት የተገኘበትን ልክ ወስዶ በጋደምታው ላይ መለጠፍ አይቻልም። ለእሱ የሚስማማው ለብቻው መፈለግ አለበት፣ ፍለጋውም በመንገድ ላይ ነው።

ፍለጋው ሁሉ ተሳክቷል አልልም። ኔዘርላንድ ውስጥ ዮሃን ፍሪሊንክ ያወጣው ፍሌቮባይክ ቴላዮው መሀሉ ላይ የሚታጠፍ፣ በዳሌና በእግር የሚመራ ነበር፤ የለመደው እጁን ለቅቆ ይነዳዋል፣ ያልለመደው ግን ለቀናት ይታገለዋል። እንዲህ ያለ መሪ ለሁሉም አይሆንም፣ ለማንም ይሆናል ብሎ መከራከርም ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው ደግሞ ክርክሩን ትቶ ወደ ሦስት ጎማ ሄደ። እንግሊዛዊው ማይክ በሮውዝ ዊንድቺታ የተባለውን፣ በመቀመጫው መሀል በቆመ አንድ እጀታ የሚመራውን ባለ ሦስት ጎማ ሠራ፤ ክሪስ ቦርድማን በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደበት የሎተስ ብስክሌት መነሻ ሐሳብም የዚሁ ሰው ነው። ሦስት ጎማ ለሽማግሌ፣ ለጉዳተኛ፣ ቆም ብሎ ማረፍ ለሚወድ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሞሼን ያሰጋው የኩርባ መገልበጥም አልጠፋለትም። ሁለት ጎማን ያስቀራል ማለት አይቻልም። የጋደምታውን ብስክሌት መልመድ ሰዓታት ይወስዳል የሚለው ስሞታም ቢሆን ለእሱ ብቻ የተለየ አይደለም፤ በ1869 አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሰዎች የፔዳል ብስክሌትን ለመልመድ ገንዘብ ከፍለው ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። የዛሬ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለምደው መሪው ስለበሰለና ዙሪያው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የብስክሌት ሙያ የሚማርም ሆነ ስለ ብስክሌት የሚጽፍ ሰው የ1934ን ደንብ ስለ ሚዛን እንደተሰጠ ፍርድ እንዳያነብበው አሳስባለሁ። ኅብረቱ ውድድሩን በሰው አቀማመጥ የመወሰን መብት አለው፤ ተወዳዳሪዎች በተመሳሳይ መሣሪያ ይለኩ ማለትም የሚከበር ሐሳብ ነው። መሣሪያው ራሱ ምን እንደሚችል ግን የሚለካው ሌላ ቦታ ነው። ካናዳዊው ቶድ ራይከርት በሴፕቴምበር 2016 ኔቫዳ ውስጥ ባትል ማውንቴን አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ኤታ በተባለው ብስክሌት በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር ሄደ። በሁለት ጎማ፣ በጀርባው ተጋድሞ፣ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ሽፋን ውስጥ፣ መንገዱን በካሜራ እያየ። ያ ብስክሌት እስከ ዛሬ በኅብረቱ ውድድር መሰለፍ አይፈቀድለትም።